ለማን ተነገረ? ስለ ቅዱሳት መጻሕፍት አነባበብና ትርጓሜ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በዚህ እትም ልንጽፍላችሁ የመረጥነው ርእስ መጽሐፍ ቅዱስን እንዴት እናንብብ፣ ያነበብነውንስ እንዴት እንተርጉም የሚል ነው። ስለዚህ ጉዳይ ለመጻፍ የሚበቁ ሊቃውንት በቤተ ክርስቲያናችን ሞልተዋል። እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን፤ የቅኔ ቤት ደጃፍ አልረገጥንም፤ ከመጻሕፍት ቤት ምንጣፍ ላይ አልተቀመጥንም። ብዕር ያነሣነው ስላወቅን ሳይሆን ስለ ተሳሳትን ነው። ስሕተታችንም በወረቀት ላይ የቀረ አልነበረም፤ አንዲት እኅታችንን አቁስሏል። እርሷ ራሷ «ሌላው እንዲማርበት ጻፉት» ስላለችን፣ ስሟን ሳንጠቅስ እንጽፈዋለን።

ነገሩ እንዲህ ነው

ባለፈው ዓመት በጾመ ፍልሰታ ሰሞን የእኅታችን እናት በጠና ታመው ሆስፒታል ተኙ። እኛም የሐሙስ ማታ የጥናት ጓደኞቿ ብርቱካን ይዘን ልንጠይቃቸው ሄድን። አልጋቸው አጠገብ ቆመን ጸለይን። ከጸሎቱ በኋላ ከመካከላችን አንዱ የያዕቆብን መልእክት ገልጦ የእምነት ጸሎት ድውይን እንደሚያድን የሚናገረውን ቃል አነበበ። ሌላዋም ከማቴዎስ ወንጌል ሰናፍጭ የምታህል እምነት ተራራ እንደምታፈልስ የተነገረውን ጨመረች። ከዚያም እኅታችንን ወደ ኮሪደሩ አውጥተን «አንቺ ብቻ እመኚ፤ አትጠራጠሪ። ካመንሽ እናትሽ ይነሣሉ» አልናት። ይህን ስንላት ያጽናናናት መስሎን ነበር። ደስ ብሎንም ወደ ቤታችን ተመለስን።

እናቷ በመስከረም መጀመሪያ ዐረፉ።

ከቀብሩ በኋላ እኅታችን ከመዝሙር ጥናትም ከትምህርቱም ቀረች። ኀዘኑ ነው ብለን ተውናት። በአርባው ቀን ቤቷ ሄድን፤ ዕድርተኛው ተነሥቶ ቤቱ ጭር ሲል ከጎናችን ተቀመጠችና እንዲህ አለችን፦ «የዚያን ቀን የነገራችሁኝ እውነት ከሆነ እናቴን የገደልኋት እኔ ነኝ። ሰናፍጭ የምታህል እምነት ቢኖረኝ ኖሮ አትሞትም ነበር። ስጸልይ ትንሽ ተጠራጥሬ ነበር። ያች ጥርጣሬ ናት የገደለቻት።»

ከመካከላችን መልስ የነበረው አልነበረም። እጅግ ያስደነገጠን ደግሞ ያነበብንላት ቃል ሐሰት አለመሆኑ ነው። ቃሉ የእግዚአብሔር ቃል ነው፤ ጥቅሱን አልጨመርንም፣ አልቀነስንም። ነገር ግን ከመድኃኒት ቤት ያገኘውን ጠርሙስ አንሥቶ ለበሽተኛ እንደሚያጠጣ ሰው ሆንን። መድኃኒቱ መድኃኒት ነው፤ የሰጠንበት መንገድ ግን መርዝ አደረገው።

«ከላይ ጀምራችሁ አንብቡ»

በሳምንቱ ጭንቀታችንን ይዘን ወደ አንድ የሐዲስ ኪዳን መምህር ሄድን። የኔታ ነገሩን እስከ መጨረሻው አዳመጡን። ይቆጡናል ብለን ስንጠብቅ መነጽራቸውን አደረጉና መጽሐፉን ወደ እኛ ገፋ አድርገው «እስቲ ለልጅቱ ያነበባችሁላትን አሁን ለእኔ አንብቡልኝ» አሉ። ከመካከላችን አንዱ ማቴዎስ ምዕራፍ 17 ቁጥር 20ን ማንበብ ጀመረ።

«አይደለም» አሉ። «ከላይ ጀምር። ሰው ወደ ቤት የሚገባው በበር ነው እንጂ በመስኮት አይደለም።»

ከቁጥር 14 ጀምሮ አነበበ። አንድ አባት የታመመ ልጁን ይዞ መጣ፤ ደቀ መዛሙርቱ ሊፈውሱት አልቻሉም፤ ጌታችን ልጁን ፈወሰው። ከዚያ በኋላ ደቀ መዛሙርቱ ለብቻቸው ቀርበው እኛ ስለምን አቃተን ብለው ጠየቁ። ስለ እምነት ማነስና ስለ ሰናፍጭ ቅንጣት የተነገረው በዚህ ጊዜ ነው።

«ይህ ቃል ለማን ተነገረ?» አሉ የኔታ።

«ለደቀ መዛሙርቱ።»

«ለታመመው ልጅ ነውን?»

«አይደለም።»

«ለአባትየው ነውን?»

«አይደለም።»

«እናንተስ ለማን ነገራችሁት?»

ሁላችንም ዝም አልን።

ቀጥለው የያዕቆብን መልእክት ምዕራፍ 5 ከቁጥር 13 ጀምሮ አስነበቡን። ሐዋርያው የታመመ ሰው የቤተ ክርስቲያን ቀሳውስትን ይጥራ፤ እነርሱም ዘይት ቀብተው ይጸልዩለት ይላል። ቤተ ክርስቲያናችን ምሥጢረ ቀንዲልን የምትፈጽመው ይህንኑ ይዛ ነው። «እንግዲህ በዚህ ስፍራ የሚጸልየው ማን ነው?» አሉን። ቀሳውስቱ ናቸው አልን። «ታዲያ የእምነት ጸሎት ሲል መጀመሪያ እምነት የሚጠየቀው ማን ነው? አልጋ ላይ የተኛችው ናትን? አጠገቧ ቆማ የምታለቅሰው ልጇ ናትን? ሊጸልይ የመጣው ነው እንጂ! ልጆቼ፣ ለእናንተ የተነገረውን ተግሣጽ ከራሳችሁ ላይ አንሥታችሁ በልጅቱ ትከሻ ላይ ጫናችሁት።»

ያን ዕለት የተማርነው ይህን ነው። መጽሐፍ ቅዱስን አጣሞ መተርጎም የመናፍቃን ብቻ ሥራ አይደለም። መልካም ልብ ያለው፣ የሚጸልይ፣ የሚዘምር ወጣትም ቃሉን ሳያስተውል ቢያነበው ወንድሙን ሊወጋበት ይችላል። ቅዱስ ጴጥሮስ በሁለተኛው መልእክቱ በምዕራፍ 3 ከጳውሎስ መልእክታት መካከል ለማስተዋል የሚያስቸግሩ ነገሮች እንዳሉ፣ ያልተማሩና ያልጸኑ ሰዎችም ለገዛ ጥፋታቸው እንደሚያጣምሙአቸው ያስጠነቀቀው ያለ ምክንያት አይደለም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ለበርካታ ሐሙሶች ወደ የኔታ ተመላልሰናል። ከእርሳቸው አፍ የሰማነውንና በጥናታችን ላይ የሞከርነውን ከዚህ በታች በአጭሩ እናቀርባለን።

ሀ. ጥቅስ ከዘመዶቹ አይነጠል

አንድ ቁጥር ብቻውን አልተጻፈም። ከላዩም ከታቹም ወንድሞች አሉት። ለምሳሌ ፈተና ሲደርስ በየደብተራችን ሽፋን ላይ የምንጽፈውን ኤርምያስ 29፥11ን እንውሰድ። እግዚአብሔር ለሕዝቡ የሰላም አሳብ እንዳለውና ተስፋ እንደሚሰጣቸው ይናገራል። እኛም ይህን ይዘን «ፈተናውን አልፋለሁ ማለት ነው» እንላለን።

ምዕራፉን ከላይ ጀምረን ስናነበው ግን ነቢዩ ከኢየሩሳሌም ወደ ባቢሎን ለተማረኩ ሰዎች የላከው ደብዳቤ ሆኖ እናገኘዋለን። ቁጥር 10 ተስፋው የሚፈጸመው 70 ዓመት ሲሞላ ነው ይላል። ደብዳቤው ሲነበብ ከሰሙት ሽማግሌዎች ብዙዎቹ በባዕድ አገር እንደሚሞቱ ግልጽ ነው። ቁጥር 5፣ 6 እና 7 ደግሞ ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆች ውለዱ፣ ስለ ተማረካችሁባትም ከተማ ሰላም ጸልዩ ይላሉ። ስለዚህ ቃሉ ትዕግሥትን የሚያስተምር እንጂ ነገ ጠዋት የሚፈጸም ውል አይደለም። ለእኛስ አይጠቅመንም ማለት ነውን? እንዲያውም ይበልጥ ይጠቅመናል። ፈተና ያለፈውንም የወደቀውንም፣ ዘመዱ የዳነለትንም የሞተበትንም የሚይዝ ተስፋ ሆኖ እናገኘዋለንና።

ለ. ተናጋሪው ማን ነው? የሚሰማውስ?

በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የተጻፈው ሁሉ በእውነት ተጽፏል። በውስጡ የሚናገሩት ሁሉ ግን እውነት ተናጋሪዎች አይደሉም። በመዝሙር 13 (በአንዳንድ ኅትመት 14) እግዚአብሔር የለም የሚል ቃል አለ፤ ነገር ግን መዝሙረኛው ይህን በልቡ የሚለው ሰነፍ መሆኑን ነግሮናል። ሰይጣንም ጌታችንን በፈተነ ጊዜ ከመዝሙር 90 (91) ጥቅስ ጠቅሷል። ቃሉን ሳይለውጥ ለተንኮል አዋለው። ጌታችንም የመለሰለት መዝሙሩን በመንቀፍ ሳይሆን ከኦሪት ዘዳግም 6፥16 ሌላ ቃል በማምጣት ነው። ጥቅስ መጥቀስ ብቻውን እውነትን መናገር እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አንፈልግም።

ለእኛ እጅግ የከበደን ግን የኢዮብ መጽሐፍ ነው። ሦስቱ ወዳጆቹ የሚናገሩት ለጆሮ ሃይማኖተኛ ይመስላል፤ እግዚአብሔር ጻድቅ ነው፣ ኃጢአተኛን ይቀጣል፣ ስለዚህ ኢዮብ ሆይ አንተ በድለህ ይሆናል ይሉታል። በምዕራፍ 42 ቁጥር 7 ግን እግዚአብሔር በእነርሱ ላይ እንደ ተቆጣ፣ ስለ እርሱም ቅን ነገር እንዳልተናገሩ ተጽፏል። ይህን ባነበብን ጊዜ እርስ በርሳችን ተያየን። በሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ የቆምነው እኛ ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር ነበርን። እንዲያውም እነርሱ ከእኛ ይሻላሉ፤ አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከኀዘንተኛው ጋር በዝምታ ተቀምጠዋልና።

ሐ. ቋንቋውንና ዘመኑን ማወቅ ያስፈልጋል

ብሉይ ኪዳን በአብዛኛው በዕብራይስጥ፣ ሐዲስ ኪዳን በግሪክ ተጽፈው ወደ ግእዝ፣ በኋላም ወደ አማርኛ ተተርጉመው ደርሰውናል። ግእዝና አማርኛ ዘመዳሞች ስለ ሆኑ አንዳንድ ቃል የሚታወቅ መስሎ ያሳስተናል። ለምሳሌ «ሀገር» በአማርኛ ሰፊ አገርን ያመለክታል፤ በግእዝ ግን ከተማ ማለት ነው። ስለዚህ በሉቃስ ወንጌል ቤተ ልሔም «ሀገረ ዳዊት» ስትባል ዳዊት የነገሠበት ምድር በሙሉ ማለት አይደለም፤ የዳዊት ከተማ ማለት ነው። «ነገር» የሚለውም በግእዝ ንግግር፣ ቃል ማለት ነው።

የአነጋገር ልማድም እንዲሁ ነው። በሉቃስ 14፥26 ጌታችን አባቱንና እናቱን የማይጠላ ደቀ መዝሙሬ ሊሆን አይችልም የሚል ብርቱ ቃል ተናግሯል። ይህን እንደ ወረደ ይዞ ከወላጆቹ ጋር የሚጣላ ወጣት ቢኖር ምን እንለዋለን? ማቴዎስ 10፥37ን እንዲያነብ እንነግረዋለን። እዚያ ይኸው ትምህርት አባቱን ወይም እናቱን ከእኔ አብልጦ የሚወድ በሚል መልክ ተገልጧል። በዕብራውያን አነጋገር «መጥላት» አንዱን ከሌላው አሳንሶ መውደድን ያመለክታል። አባትህንና እናትህን አክብር ያለው አምላክ ራሱን አይቃረንም።

መ. መጽሐፍ በመጽሐፍ ይተረጎማል

እኛ ሁለት ጥቅስ ይዘን ሆስፒታል ሄድን። ያልያዝናቸው ግን ብዙ ነበሩ። ጨርቁ ሳይቀር ድውያንን ይፈውስ የነበረው ቅዱስ ጳውሎስ ጥሮፊሞስን ታሞ በሚሊጢን እንደ ተወው ጽፏል (2ጢሞ. 4፥20)። ደቀ መዝሙሩን ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱና ስለ ተደጋጋሚ ሕመሙ ጥቂት የወይን ጠጅ እንዲጠጣ መክሮታል (1ጢሞ. 5፥23)። ለራሱም የሥጋው መውጊያ እንዲርቅለት ሦስት ጊዜ ለምኖ ጸጋዬ ይበቃሃል የሚል መልስ ተቀብሏል (2ቆሮ. 12፥7-9)። እንግዲህ ጳውሎስ ሰናፍጭ የምታህል እምነት አልነበረውም የሚል ማን ነው? ጌታችንም ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ሲጠየቅ እርሱም ወላጆቹም በድለው እንዳልሆነ መልሷል (ዮሐ. 9፥1-3)።

እግዚአብሔር ይፈውሳል፤ ይህን ያለ ጥርጥር እናምናለን፤ በጸሎትም በጠበልም በሐኪምም እጅ ይፈውሳል። ያልተፈወሰ ሁሉ እምነት የጎደለው ነው የሚል ግን በቅዱሳት መጻሕፍት ፊት መቆም አይችልም። አንድን ጥቅስ ከሌሎቹ ለይቶ የሚያነግሥ ሰው ከሰማንያ አንዱ መጻሕፍት አንዱን ገጽ ይዞ ሌላውን እንደ ቀደደ ይቆጠራል።

ሠ. ከቤተ ክርስቲያን ጋር ማንበብ

አንዳንድ ጊዜ «መንፈስ ቅዱስ ለእኔ ያብራልኛል፤ መምህር ምን ያደርግልኛል?» የሚል ሐሳብ በመካከላችን ይነሣል። ለዚህ መልስ የሚሰጠው የገዛ አገራችን ሰው ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የሕንደኬ ሹም የነበረው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በሠረገላው ላይ ሆኖ ትንቢተ ኢሳይያስን ያነብ ነበር። ሹም ነው፤ ማንበብ ያውቃል፤ ለስግደት ረጅም መንገድ የተጓዘ ሃይማኖተኛ ነው። ሆኖም ፊልጶስ የምታነበውን ታስተውላለህን ብሎ በጠየቀው ጊዜ የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ይቻለኛል ብሎ አላፈረም። ቀጥሎም ነቢዩ ስለ ራሱ ነው ወይስ ስለ ሌላ ሰው የሚናገረው ሲል ጠየቀ። ልብ በሉ! ይህ የኔታ እኛን ከጠየቁን ጥያቄ ጋር ወንድማማች ነው፤ እርሳቸው «ለማን ተነገረ?» አሉ፤ ጃንደረባው «ስለ ማን ተነገረ?» አለ። ከዚህ ጥያቄ ተነሥቶ ክርስቶስን አገኘ፤ ተጠምቆም ደስ ብሎት ሄደ።

የዚህ ተቃራኒም በታሪክ አለ። አርዮስ መጽሐፍ ቅዱስን የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ የእስክንድርያ ካህን ነበር። በመጽሐፈ ምሳሌ 8፥22 ጥበብ እግዚአብሔር እንደ ፈጠራት ስለ ራሷ የምትናገረውን ይዞ ወልድ ፍጡር ነው አለ። በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡት 318ቱ አባቶች ትምህርቱን አወገዙ። በኋላም ቅዱስ አትናቴዎስ ይህን ጥቅስ በሰፊው ሲያብራራ ቃሉ ስለ ሥጋዌ፣ ማለት ስለ እኛ ሰው ስለ መሆኑ እንደሚነገር አስረዳ። ሁሉ በእርሱ እንደ ሆነ በዮሐንስ ወንጌል መጀመሪያ ከተጻፈ ሁሉን የፈጠረው ራሱ ከተፈጠሩት ሊቆጠር አይችልም አለ። አትናቴዎስ ለአገራችን የመጀመሪያውን ጳጳስ አባ ሰላማን የሾመ አባት ነው። ስለዚህ ወልድ እንደ ተወለደ እንጂ እንዳልተፈጠረ በጸሎተ ሃይማኖት ስንመሰክር አባቶቻችን ጥቅስን ከጥቅስ አስማምተው ያገኙትን ትርጓሜ በአፋችን ይዘናል። ቅዱስ ጴጥሮስም ትንቢት ለገዛ ራስ እንደማይተረጎም ያስተማረው (2ጴጥ. 1፥20) ለዚህ ነው።

ረ. «አንድም» ማለት እንደ ፈለጉ መተርጎም አይደለም

የቤተ ክርስቲያናችን የትርጓሜ ትምህርት አንድምታ ይባላል። የግእዙ ንባብ ይነበባል፤ በአማርኛ ይተረጎማል፤ ከዚያም ሐተታና ታሪክ እየተጨመረ «አንድም» እየተባለ ሌላው ፍቺ ይቀጥላል። ይህ ሀብት ለብዙ ዘመን ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በቃል ሲወርድ የኖረ ነው። ብሉያት፣ ሐዲሳት፣ ሊቃውንትና መነኮሳት ተብለው በአራት ጉባኤ ይማሩታል። አንዱን ጉባኤ ለመፈጸም እንኳ ዓመታት ይጠይቃል።

እኛ አስቀድመን «አንድም» ሲባል የመጣልንን ሐሳብ ሁሉ መጨመር የሚቻል መስሎን ነበር። የኔታ ግን «አንድም የሚባለው መጀመሪያ ንባቡ በእግሩ ከቆመ በኋላ ነው» አሉን። እስራኤል የኤርትራን ባሕር ተሻገሩ፤ ይህ ታሪክ ነው። አንድም ባሕሩ የጥምቀት ምሳሌ ነው፤ ይህንም ቅዱስ ጳውሎስ በመጀመሪያው የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 10 አስተምሮናል። ታሪኩ ከሌለ ምሳሌው በምን ላይ ይቆማል? እንግዲህ ምሥጢራዊው ፍቺ ንባቡን የሚያፈርስ፣ ከሌላው መጽሐፍ ጋር የሚጣላ፣ ከቤተ ክርስቲያን እምነት የሚወጣ ከሆነ አንድም አይባልም። ፊደል ይገድላል መንፈስ ግን ሕይወትን ይሰጣል የሚለውን የሐዋርያውን ቃል ይዘን ፊደሉን ሳናጠና መንፈሱን አገኘን የምንልም አለን። ፊደሉን የናቀ ወደ መንፈሱ በምን በኩል ይገባል?

ወደ እኅታችን ተመለስን

አንድ ሐሙስ ቀን ከጥናቱ በኋላ የኔታን «ለእኅታችን ምን እንበላት?» ብለን ጠየቅናቸው። ጥቂት አሰቡና እናቷ ከማረፋቸው በፊት የንስሐ አባታቸው መጥተውላቸው እንደሆነ ጠየቁን። መጥተዋል፤ ጸሎተ ቀንዲልም ተደርሶላቸዋል፤ ሥጋ ወደሙም ተቀብለዋል አልናቸው።

«እንግዲያው ያንኑ የያዕቆብን ቃል መልሳችሁ አንብቡላት» አሉ። «ጌታ ድውዩን ያስነሣዋል የሚለውን። ማስነሣት አንድም ከአልጋ ነው። አንድም ከመቃብር ነው። ከአልጋ የተነሣ ሁሉ ተመልሶ ይተኛል፤ አልዓዛርም ከመቃብር ተነሥቶ ኋላ እንደ ሰው ሁሉ ሞቷል። ተመልሶ የማይተኛው በመጨረሻው ቀን የሚነሣው ነው። የእናትሽ ተስፋ አልተሻረም በሏት። ከዚያ በፊት ግን ይቅርታ ጠይቋት።»

ሄድን። ይቅርታ መጠየቅ በዚያ ቀን ጥቅስ ከመጥቀስ ይልቅ ከበደን። «ያነበብንልሽ ቃል ለአንቺ የተነገረ አልነበረም፤ ለእኛ ነበር። ያላመንነው እኛ ነን» አልናት። ቀጥሎም ማርቆስ ምዕራፍ 2ን ከላይ ጀምረን አነበብንላት። አራት ሰዎች ሽባውን ተሸክመው መጡ፤ በሕዝቡ ብዛት መግባት ቢያቅታቸው ጣራ ነድለው አወረዱት። ወንጌላዊው ጌታችን የእነርሱን እምነት እንዳየ ይናገራል። የተሸካሚዎቹ እምነት ማለት ነው። እኛ ልንሸከማት ሲገባን አልጋውን አስቀምጠን ተነሽና ሂጂ ያልናት ሰዎች ነን።

እኅታችን ብዙ አለቀሰች። «እንግዲያው ስጸልይ የተጠራጠርኋት ጥርጣሬስ?» ስትል ጠየቀች። በዚያው በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 9 የልጁ አባት አምናለሁ፣ አለማመኔን እርዳው እያለ በእንባ መጮኹን አሳየናት። ጥርጣሬውን ደብቆ አልመጣም፤ ይዞት ቀረበ። ጌታችንም ልጅህን አልፈውስም አላለውም። ይህን ሰምታ ለረጅም ጊዜ ዝም አለችና «የዚያን ቀን ይህን ብታነቡልኝ ኖሮ» አለች። ለዚህ መልስ የለንም፤ እስከ ዛሬም የለንም። ከዚህ በላይ ምንም አልተናገርንም። ጌታችን በአልዓዛር መቃብር አጠገብ፣ ሊያስነሣው እያወቀ እንኳ፣ ከሚያለቅሱት ጋር እንዳለቀሰ ትዝ ስላለን ዝም ብለን አብረናት ተቀመጥን።

በሦስተኛው ሐሙስ ወደ ጥናቱ ተመለሰች። አሁን ጥቅስ ሲነሣ ከሁላችን ቀድማ «ከላይ ጀምሩ» የምትለው እርሷ ናት።

ማጠቃለያ

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፤ መጽሐፍ ቅዱስን በፍርሃት አታንብቡ ማለታችን አይደለም። በየዕለቱ አንብቡት። ነገር ግን አንድን ጥቅስ ለሌላ ሰው ከመንገራችሁ በፊት በደብተራችሁ የኋላ ገጽ ላይ እነዚህን ጥያቄዎች ጽፋችሁ ራሳችሁን ጠይቁ፦

1ኛ/ ከላይና ከታች ያለውን አንብቤአለሁን?

2ኛ/ ተናጋሪው ማን ነው? ለማንስ ተነገረ?

3ኛ/ ቃሉ በተጻፈበት ቋንቋና ዘመን ምን ማለት ነበር?

4ኛ/ ሌሎቹ መጻሕፍት ስለዚሁ ነገር ምን ይላሉ?

5ኛ/ አባቶች እንዴት ተረጎሙት? ካላወቅሁስ የምጠይቀው መምህር ማን ነው?

6ኛ/ ትርጓሜዬ እግዚአብሔርንና ባልንጀራን ወደ መውደድ ያደርሳልን? ሕግና ነቢያት ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ ትእዛዛት እንደ ተሰቀሉ ጌታችን በማቴዎስ 22 አስተምሮናልና።

ከእነዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይህ ቃል መጀመሪያ እኔን ምን ይለኛል? የእግዚአብሔር ቃል ሁለት አፍ ያለው ሰይፍ ነው። ሰይፍ የያዘ ሰው ስለቱ ወዴት እንደ ዞረ ሳያይ እጁን አያነሣም። እኛ ሳናይ አንሥተናል። እናንተ ግን ከእኛ ተማሩ።

ለጃንደረባው ፊልጶስን የላከ፣ ለኤማሁስ መንገደኞች መጻሕፍትን የተረጎመ አምላክ ለእኛም ልቡናችንን ይክፈትልን። ያረፉትን የእኅታችንን እናት ነፍሳቸውን ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ጎን ያሳርፍልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።